የፀጉር ቆራጩ ጎፈሬ ሳር

ጦር ኃይሎች አካባቢ ፀጉሩን የሚቆረጥ ወታደር ሁሉ ያውቀኛል። ረሻድ እባላለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሳስተካክል ኖሬአለሁ። የራሴ ጭንቅላት መስተካከል እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት ግን በ1964 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ኮልፌ ባለው ግቢዬ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኮሎኔል ገብረወልድ ቤት ነው። ኮሎኔሉ እሑድ እሑድ ጠዋት ቤታቸው ያስጠሩኝና በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥተው ይቆረጣሉ። ከበረንዳው ፊት ለፊት ሳር ነበራቸው። ሳር ስል ከብት የሚግጠውን እንዳታስቡ። እንደ ስጋጃ የተነጠፈ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ፣ የተላጨ ሳር! እጄ የኮሎኔሉ ማጅራት ላይ፣ ዓይኔ ሳሩ ላይ። አንድ እሑድ በዚሁ ምክንያት ጆሮአቸውን ጫር አደረግኋቸው።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉኝ ጆሮአቸውን ይዘው።

«ሳሩ ነው ጌታዬ» አልኳቸው።

ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው። ለአትክልተኛቸው አዝዘውልኝ ሥሩን በጆንያ ሞልቶ ሰጠኝ። ጆንያውን ተሸክሜ ኮልፌ ስገባ የደረጃ ዕድገት ያገኘሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የእኔ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው። ከፊት ለፊት ሚስቴ ሰዓዳ ጎመንና ሽንኩርት ተክላበት ነበር። ነቀልኩት።

«ምን ልትተክልበት ነው?» አለችኝ።

«ሳር።»

«ላም ልትገዛ ነው?»

«አይደለም።»

«በግ?»

«አይደለም አልኩሽ።»

«ታዲያ ማን ሊበላው ነው?»

ማንም እንደማይበላው፣ እንዲታይ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «እሺ» አለች። የሰዓዳ «እሺ» ብዙ ትርጉም አለው፤ አንዱም እሺ ማለት አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት ሳሩን የምቆርጠው በፀጉር መቀስ ነበር። ተንበርክኬ፣ በግራ እጄ በማበጠሪያ ቀና እያደረግሁ፣ በቀኜ ጫፍ ጫፉን እመታዋለሁ። ለጠርዙ የፀጉር ማሽኔን፣ ቶንዶሱን፣ እጠቀም ነበር። ጎረቤቴ ኃይለመስቀል ከከፋ የመጣ የማር ነጋዴ ነው። አንገቱን በአጥሩ ላይ ያወጣና «ረሻድ፣ ስትጨርስ አልኮል ትቀባዋለህ?» ይለኝ ነበር። ያልገባው ሰው ነው ብዬ አዝንለታለሁ።

በኋላ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ አሮጌ፣ በእጅ የሚገፋ የሳር ማጨጃ መኪና ገዛሁ። ስገፋው ይጮኻል። ከእሑድ የኮሎኔሉ ቆረጣ ስመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱ መሆኑን አረጋግጬ እገፋዋለሁ። ከዚያ በጣውላ ላይ «ሳሩን መርገጥ ክልክል ነው» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩና መሐል ላይ ተከልኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቴ የሚመጣ ሰው እንደ ሌባ የአጥሩን ጥግ ይዞ መዞር ነበረበት። ሰዓዳም የታጠበ ልብስ የምታሰጣው ከጓሮ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ነበር። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት ኖርን።

ያን ጊዜ ደግሞ ወጣቱ ሁሉ ፀጉሩን ማጎፈር የጀመረበት ነው። አፍሮ ይሉታል። ጎረምሶቹ በፀጉር ቤቴ በር ሲያልፉ ጥላቸው ብቻ ይገባል። ወታደሮቹ ባይኖሩ ኖሮ ወንበሬ ላይ ድመት በተኛችበት ነበር። እኔም ተቀምጦ ለሚሰማኝ ሁሉ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ስላለ ለማይመልስልኝ ሰው በተለይ፣ «ያልተቆረጠ ነገር ሁሉ ያልሠለጠነ ነው» እያልኩ እሰብክ ነበር።

እንግዲህ ያቺ የሰኔ እሑድ መጣች። የሰዓዳ ወንድም ጀይሉ ሊጠይቀን መጥቷል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጀይሉ እንደኔው ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ፒያሳ ተቀጥሮ ይሠራል። ፒያሳ ስለሚሠራ ብዙ ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ የሳር መኪናዬን ላሳየው ፈለግሁ።

«ሳሩ እርጥብ ነው፤ ተወው» አለችኝ ሰዓዳ ከበሩ።

«ይሄ መኪና እርጥብ ደረቅ አይልም» አልኩና በሩጫ ገፋሁት።

መኪናው እውነትም እርጥብ ደረቅ አላለም፤ እየጮኸ ሄደ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም እግሮቼ ወደ ሰማይ ተነሱ፤ ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ላይ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሰዓዳ ጮኻ ወደኔ መሮጥ ጀመረች። እኔ ምን አልኩ ይመስላችኋል? ይህን ለሰው ሳወራ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«ሳሩን! ሳሩን አትርገጪ!»

ቀጥ ብላ ቆመች። ጣውላውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዞራ በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ሳር ሳትነካ ዞረችና ከራስጌዬ በኩል ባለው ጠርዝ ቆመች።

«ይኸው አልረገጥኩም» አለችኝ። «አሁን እንዴት ላንሣህ?»

ያነሣኝ ጀይሉ ነው፤ እየሳቀ።

የሰፈሩ ወጌሻ እጄን አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ አሰረውና «እስከ መስከረም አትንካው» አለኝ። አንድ እጅ ያለው ፀጉር ቆራጭ ምን ይሠራል? ጀይሉ ፒያሳን ትቶ በእኔ ፀጉር ቤት ከወንበሬ ኋላ ቆመ። በሳምንቱ ሁኔታውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ሰልፍ ነበር፤ በእኔ ጊዜ ሰልፍ ኖሮ አያውቅም። አንድ የአሥር አለቃ ጎኑ ቦታ ለቀቀልኝና «የጀይሉ እጅ ቀላል ነው፤ አንተም ልትቆረጥ መጣህ?» አለኝ። ሁለተኛ አልሄድኩም።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሳሩ ይወጣል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ከዚያ ከሥሩ የማላውቀው ቅጠል ሁሉ ብቅ ብቅ አለ። ጀይሉ «እኔ ልጨድልህ» ቢለኝ «እንዳትነካው!» ብዬ ጮኽኩበት። ወንበሬን ወስዷል፤ ሳሬን ደግሞ አልሰጠውም። እና ሳሩ ጉልበት አለፈ። ክልክል ነው የሚለው ጣውላ ራሱ ሳር ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አንድ ቀን ኃይለመስቀል አንገቱን አወጣ። «ረሻድ፣ ሳርህም አፍሮ ጀመረ እንዴ?»

መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። ፀጉር ቆራጭ ቤቱ ጎፈረበት ሲባል እንዴት ዝም ልበል?

«ሆን ብዬ ነው» አልኩት።

«ለምን ብለህ?»

ለምን እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር። ዓይኔ አንዲት ቢጫ ነገር ላይ አረፈ። «ለአበባው» አልኩ። ውሸቴ እንዲህ ትንሽ ሆና ተወለደች። በዚያው ብትቀር መልካም ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ ኮሎኔል ገብረወልድ ሊጠይቁኝ መጡ። መኪናቸው በር ላይ ስትቆም ሄጄ ሳሩን በጀርባዬ ልከልለው ሞከርኩ። ያን ሳር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ገብተው ቆሙና ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግቢውን ተመለከቱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጌታዬ፣ የአገራችን አበባና ወፍ ቦታ እያጣ ነው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ከተማው ሁሉ ቤትና መንገድ ሆነ። ሰው ደግሞ ያለውን ቁራጭ መሬት ይላጨዋል። እኔም ሳሩ እንደ ልቡ ቢተው ምን ምን እንደሚበቅል… ጥናት ላይ ነኝ።»

ጥናት! ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ኮሎኔሉ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ረሻድ፣ እኔ ፀጉር ቆራጭ ብቻ ትመስለኝ ነበር» አሉ። «የእህቴ ልጅ ሰብሌ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ይሄን ማየት አለባት። እልክልሃለሁ።»

ሰዓዳ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «ጥናትህ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

አስተማሪዋ በጳጉሜ መጣች። ሰማዩ ጠርቶ፣ ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ፣ ንቡ ሲያጉረመርም ከመንገድ ይሰማል። ወይዘሪት ሰብሌ ደብተርና የጋዜጣ ክምር ይዛለች፤ ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል ጠፍጥፋ ልታደርቅ ነው። ፀጉሯ አፍሮ ነው፤ ያውም ዣንጥላ የሚያህል። እጄ ታስሮ እንኳ ጣቶቼ አሳከኩኝ።

«ጋሼ፣ አጎቴ ስለርስዎ ሲያወራ አይጠግብም» አለችኝ። «በሉ የቅጠሎቹን ስም ይንገሩኝ። ይሄ ምንድን ነው?»

እንደ ጠባብ ምላስ የረዘመ ቅጠል ነው። «ይሄ… ምላጭ ቅጠል ነው» አልኩ። ጻፈች።

«ይሄስ?» ሐምራዊ፣ ድቡልቡል አበባ።

«ብሩሽ አበባ።» ጻፈች።

«ይሄስ ጫፉ የተንጨባረረው?»

ጫፉ እውነትም ተንጨባርሯል። «የኮሎኔል ጢም» አልኩ። አጎቷን ስለምትወድ ነው መሰለኝ በጣም ደስ ብሏት ጻፈች።

ይሄኔ ከመስኮቱ በኩል ድስት የገነፈለ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰዓዳ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«እህቴ» አለቻት፣ «የጻፍሽውን ሁሉ ሰርዢው።»

ከዚያ ቀጥ ብላ ሳሩ መሐል ገባች፤ ጎንበስ እያለች በእጇ እየለየች ታሳያት ጀመር። «ይሄ ምላጭ አይደለም፣ ጎርጤብ ነው። ሲደቁሱት የቁስል ደም ያቆማል» አለችና ወደኔ ዞራ «ለአንተ ደንበኞች እንኳ ይጠቅም ነበር» ጨመረችልኝ። «ሐምራዊው ማገጥ ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይበዛል፤ በጠዋት በባዶ ሆዷ ከጠገበችው ግን ይነፋታል። ያ ቢጫው መጭ ነው፤ ይሄኛው ግን አደይ ነው፤ አታምታቻቸው። የተንጨባረረው ሙጃ ነው፤ ገበሬ አይወደውም፤ ወፍ ግን ይወደዋል። ያ ደግሞ ጠለንጅ ነው፤ ፍሬው ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ ይኸው ቀሚስሽን ይዞልሻል።»

ይዟታል። ሰብሌ ግን አላየችም፤ አዲስ ገጽ ገልጣ እየጻፈች ነው። እኔ ጋዜጣውን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ። በገዛ ጥናቴ ተሸካሚ ሆንኩ።

«ቀስ በሉ» አለች ሰዓዳ ድንገት፤ ወደ አንድ የሙጃ ቁጥቋጦ ጠቆመች። ከአገዳዎቹ መሐል የሰው ጡጫ የሚያህል ጎጆ ተሠርቷል። ትከሻው ላይ ቢጫ ያለው ጥቁር ወፍ ከላዩ እየዞረ ይነጫነጫል። «እናትየዋ ሦስት ጫጩት አላት። የፈለፈለችው ባለፈው ማክሰኞ ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ጠዋት ጠዋት አያታለሁ።»

«ሳሩን ረግጠሽ?»

«የቱን ሳር?» አለችኝ። «ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ።»

ሰብሌ ሁለታችንን እያፈራረቀች አየች። «ታዲያ ጥናቱ የማን ነው?» አለች።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። «ወይዘሪት፣ ጥናት የለም» አልኳት። «አዳልጦኝ ነው። ወደቅሁ፣ እጄ ተሰበረ፣ የሚያጭድ ጠፋ። የጠፋውም እኔ እንዳይነኩብኝ ስለከለከልኩ ነው።»

ሳቀች፣ ሳቀችና መጨረሻ ላይ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ጠለንጁ ፀጉሯ ውስጥ ሁሉ ገባ። ሲበቃት «ቢሆንም ጋሼ፣ እባክዎ አይቁረጡት» አለችኝ። «ምክንያትዎ ትክክል ባይሆንም፣ ያደረጉት ነገር ትክክል ነው።» እንዲህ ዓይነት ምስጋና ከዚያ በፊትም በኋላም አግኝቼ አላውቅም።

ወጌሻው በመስከረም መጀመሪያ እጄን ፈታው። ይህን የሰማ ኃይለመስቀል ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«ረሻድ፣ እጅህ ከዳነ አሁን እጨደው» አለ። «እባብ ገብቶበታል ይባላል። ልጆች ፈሩ።»

«ማን አየ?»

«ይባላል።»

ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል። መኪናዬን አወጣሁና ገፋሁት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ሳሩ ጥርሱ ውስጥ ተጠምጥሞ ቀጥ አለ። ብጎትተው አይመጣ፣ ብገፋው አይሄድ። ሰዓዳ እጇን አጣምራ ከጎጆው ፊት ቆማለች። ገባኝ፤ መኪናው ቢሠራም እኔ ከዚያ ባላለፍኩ ነበር።

እማማ ዱሬቲ ያን ጊዜ ነው የደረሱት። አንዲት ላም ያላቸው፣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ኮልፌ የኖሩ አሮጊት ናቸው። የሆነውን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ሳሩ ውስጥ ገቡ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከጎጆዋ ራቅ ብለው እየዞሩ፣ እያንዳንዱን ጥግ ነካ ነካ አደረጉ። ሁለት እንቁራሪት ዘለሉ። ብዙ ፌንጣ ተነሣ። በመጨረሻ አንዲት እስስት በምርኩዙ ጫፍ ላይ ተሸክመው መጡና ወደ ኃይለመስቀል ዘረጉለት። ኃይለመስቀል ያን ያህል ወደ ኋላ መዝለል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«እባብህ ይቺ ናት» አሉት። «አንተ የማር ነጋዴ አይደለህም? አበባ ይታጨድልኝ የሚል የማር ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኃይለመስቀል መሬት መሬት አየ።

«አሁን አይታጨድም» አሉ እማማ ዱሬቲ ወደኔ ዞረው። «ወፏ ልጆቿን ታውጣ። ዘሩ ይርገፍ። በጥቅምት መጨረሻ እኔው በማጭድ አጭድልሃለሁ፤ ድርቆሹ ለላሜ ነው። ሰው እንዳይፈራ ግን በመንገዱ በኩል አንድ ክንድ አጽዳለት።» ተስማማን። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ወጡ።

የመስቀል ዋዜማ ዕለት ጠዋት ኃይለመስቀል በሩን አንኳኳ። ሰውየው ብቻውን ሲሆን ሁልጊዜ በአጥር ነበር የሚያናግረኝ።

«ሜዳው ሁሉ ቤት ተሠራበት» አለ ጫማውን እያየ። «ለደመራው አደይ ፈልጌ አጣሁ።»

ልቀልድበት አሰብኩ፤ ስንት ቀልድ ተበድሬው ነበር። ግን ሰዓዳ ቀድማኝ «ግባ፣ ከወዲያ ጥግ ቁረጥ፤ በዚህ በኩል ጎጆ አለ» አለችው። እቅፍ ሙሉ ወሰደ። ከሰዓት በኋላ ሌሎችም መጡ። እስኪመሽ ድረስ ግቢዬ ሰው አልተለየውም፤ ማንም በአጥር ጥግ አልዞረም።

በጥቅምት መጨረሻ እማማ ዱሬቲ እንደ ቃላቸው ማጭዳቸውን ስለው መጡ። ጫጩቶቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሳሩም ወርቅማ ሆኖ ደርቋል። እኔም ማጭድ ይዤ ገባሁ። ትንሽ አይተውኝ «ልጄ፣ ይሄ አንገት አይደለም፤ አትጠንቀቅለት» አሉኝ። ቆይተው ማጭዱን ራሱ ተቀበሉኝና ነዶ እንድሸከም አደረጉኝ።

ሥራው ሲያልቅና እሳቸው ሲሄዱ፣ ሰዓዳ የተረፈው ድርቆሽ ላይ ተቀምጣ ከቀሚሷ ጠለንጅ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ፀጉር ቤቱን መክፈት ነበረብኝ፤ ወታደሮቹ ግን እኔ ተመልሼም ጀይሉን ነው የሚጠይቁት፤ ስለዚህ እንዲቆይ አድርጌዋለሁ።

«ይሄን ሁሉ ስም ከየት አወቅሽው?» አልኳት።

«ከአክስቴ። ስልጤ አገር ሳለሁ እሷ መድኃኒት ትለቅም ነበር፤ እኔ ቅርጫት እይዝላት ነበር።»

«አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ይሄን ያለችው በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔም ከቀሚሷ ጫፍ ጠለንጅ መልቀም ጀመርኩ። የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተሰማ።

«ያልበቀለ አለ?» አልኳት ቆይቼ። «እዚያ አይተሽው፣ እዚህ ያጣሽው?»

እጇን ከቀሚሷ ላይ አነሣች። አሰበች።

«አንድ አለ» አለች። «ሰማያዊ ነው። ውሃ አጠገብ ነው የሚበቅለው፤ ትንሽ ነው፣ ጥፍሬን አያክልም። አክስቴ እሱን ስታገኝ ሥራዋን ትታ ትቀመጥ ነበር።»

«ለምን?»

«ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለችና ወደኔ ዞረች።